የጠበባትን የልጄን ልብስ ለታናሿ ላስቀምጥ ወይስ ልስጥ?

የጀሞዋ እናት፦
ሰላም እናቶች፣ አባቶችም ካላችሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከተወለደች ጀምሮ የጠበባት ልብስ በሙሉ እቤት ነው ያለው። ሁለት ሻንጣ ሞልቶ የተረፈው ማዳበሪያ ውስጥ ነው። የምንኖረው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው፣ ዕቃ ቤት የሚባል ነገር የለም፣ ሻንጣዎቹ ቁም ሳጥን ላይ ተደራርበዋል፣ ማዳበሪያው በረንዳ ላይ ነው፣ ክረምት ሲገባ የት እንደማደርገው አላውቅም።

ሁለተኛ ልጅ እንፈልጋለን። መቼ የሚለውን ግን ገና አልወሰንም። ባለቤቴ «ስጪው፣ ያኔ እግዜር ይሰጣል» ይላል። እናቴ ደግሞ የሕፃን ልብስ ለማያውቁት ሰው ሲሰጥ ደስ አይላትም። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር መቶን አለፈ፣ ከውጭ የሚገባው የሕፃን ልብስም አብሮ ወጣ። አራስ ሆና የገዛሁላትን ዓይነት ቱታ ዛሬ ዋጋ ስጠይቅ ዝም ብዬ ነው ከሱቁ የምወጣው።

ደግሞ የባለቤቴ እህት ልትወልድ ሁለት ወር ቀርቷታል። ስጪኝ አላለችም፣ ግን ልብሱ እንዳለ ታውቃለች። ብሰጣት ደስ ይለኛል፣ እወዳታለሁ። ችግሩ እኔ በተራዬ ስወልድ «መልሺልኝ» የምልበት አፍ የለኝም። ይሉኝታ ይይዘኛል። ልብሱን ቆልፌበት እሷ አዲስ ስትገዛ ማየትም አልችልም።

እናንተ ምን አደረጋችሁ? ያስቀመጣችሁትስ ሲወጣ ደህና ሆኖ አገኛችሁት?

የሦስት ልጆች እናት፣ አዳማ፦
እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ሁሉንም አታስቀምጪ፣ ሁሉንም አትስጪ። ዛሬ ማታ ልጅሽ ስትተኛ ሻንጣዎቹን ዘርግፊና በዕድሜ ለያቸው።

ሕፃን በአምስት ስድስት ወሩ የተወለደበትን ክብደት እጥፍ ያደርጋል፣ ዓመት ሲሞላው ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ወራት ልብስ ጥቂት ሳምንት ነው የሚለበሰው። ትውከትና ወተት ይነካዋል እንጂ አያልቅም። የኔ የመጀመሪያ ልጅ የአራስ ቱታዎች ሦስቱም ልጆቼ ለብሰዋቸዋል፣ አሁንም የእህቴ ልጅ ጋ አሉ። መዳህ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጉልበቱ ይሳሳል፣ ቀጥሎ መራመድ፣ አፈር፣ ወጥ፣ እስክሪብቶ። ከዓመት ተኩል በላይ ያለ ሱሪ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደህና ሆኖ ሲተላለፍ እኔ ቤት አላየሁም።

እኔ የማስቀምጠው እስከ ዓመት ያለውን ቱታና ሹራብ፣ መታቀፊያ ብርድ ልብሱን፣ ጋቢውን፣ ካፖርቱን፣ የክርስትና ልብሱን ነው። የክርስትናው ለአንድ ቀን ነው የሚለበሰው፣ ወንድም በ40 ሴትም በ80 ቀኗ ነጭ ነው የምትለብሰው፣ ለእህትም ለወንድምም ይሆናል። የሐበሻ ቀሚስም አስቀምጪ፣ ጥልፉና ሽመናው ውድ ነው፣ ጫፉ ከታጠፈ ደግሞ ይረዝማል። ቲሸርት፣ ሱሪ፣ ፓንት፣ ጓደኛው የጠፋ ካልሲ ይውጣ። በረንዳሽ ላይ ያለው ማዳበሪያ ውስጥ የተጠቀጠቀው አብዛኛው ይሄ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ስትለዪ ወሩንም አስቢ። ልጅሽ ሐምሌ ተወልዳ ከሆነ የሦስት ወር ልብሷ ሁሉ ወፍራም ነው። ሁለተኛው መጋቢት ቢወለድ የክረምቱ ብርድ ሲደርስ ያ ወፍራም ልብስ ይጠበዋል። አዲስ አበባ ማታ ማታ ስለሚበርድ ብዙም አትጎጂም፣ እኛ አዳማ ግን ሙቀቱን ታውቂዋለሽ።

የመንትዮች አባት፦
አባቶች ካላችሁ ስላልሽ ነው። ስለ ልብሱ እናቶቹ ይበልጥ ያውቃሉ፣ እኔ ስለ ባለቤትሽ እህት ልናገር።

እኛ መንትዮች ስንወልድ ከሦስት ቤት ልብስ መጣልን። አንደኛዋ ዘመዳችን ስትሰጠን ፊት ለፊት «ይሄ ስጦታ ነው፣ ይሄኛው ግን ለሁለተኛ ልጄ ስለምፈልገው ስትጨርሱ ይመለሳል» አለችን። ሌላኛዋ ምንም ሳትል ሰጠችን፣ ከዓመት በኋላ ለሰው ስታማ ሰማን። ለኛ የቀለለችን የመጀመሪያዋ ናት። ቅር አላለንም፣ እንዲያውም የሷን ልብስ ለብቻው አድርገን በጥንቃቄ ነው የያዝነው። ይሉኝታ የሚመጣው በኋላ ስትጠይቂ ነው። ከመስጠትሽ በፊት ብትናገሪ ማንም አይቀየምም።

ሌላው፣ የምትመልሰው ልብስ እንደሰጠሻት ሆኖ አይመለስም። ልጅ ነው የሚለብሰው። አንዱ ይቀደዳል፣ አንዱ አይወጣለትም። እሱን ከወዲሁ ተቀበይ። ቢጠፋ የምታዝኚበትን፣ እናትሽ የሠራችውን ሹራብ ወይም የክርስትናዋን ልብስ፣ አታውሺ። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቀሪውን በጥሩ ልብ ስጪያት። አራስ ቤት ለገባች ሴት የታጠበና የተጣጠፈ ልብስ ትልቅ ነገር ነው።

ባለቤትሽ «ስጪው» ማለቱ ቀላል ነው፣ ግን እህቱ ናትና ይሄን ለሷ የሚናገረው እሱ ቢሆን ጥሩ ነው። ከወንድም ሲመጣ ይቀላል።

የጀሞዋ እናት፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ፣ እሱ ይናገር የሚለው በፍጹም አልመጣልኝም ነበር። የአዳማዋ እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ሱሪና ቲሸርት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እናቴ ልብስ ስታስቀምጥ መሃል መሃሉ ላይ ነጩን ድቡልቡል፣ ናፍታሊን፣ ጣል ታደርጋለች። ለሕፃን ልብስም ይሆናል?

ነርስ፣ ባሕር ዳር፦
አይሆንም። ለሕፃን ልብስ ናፍታሊን አታድርጊ፣ እናትሽንም በፍቅር አስረጂያቸው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ናፍታሊን እየተነነ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ሕፃኑ በትንፋሹም በቆዳውም ይወስደዋል። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ላይ ቀይ የደም ሴል ይፈርሳል። ልጁ ቢጫ ይሆናል፣ ይገረጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ሲብስ ለሕይወት ያሰጋል። አራስ ደግሞ ለቢጫነት ቀድሞውኑ ቅርብ ነው። ይሄ እጥረት በዘር የሚመጣ ነው፣ ወንዶች ላይ ይበዛል፣ ወባ ባለባቸው አገሮች ሕዝብ ዘንድም ይበዛል። ልጅሽ ይኑርበት አይኑርበት ደግሞ ሳይመረመር አታውቂም። እቃው ቤትሽ ካለም ልጅሽ ከማትደርስበት ቦታ ይሁን፣ ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ይውጡታል። ናፍታሊን የነካው ልብስ ተሰጥቶሽ ከሆነ ደጋግመሽ አጥበሽ ፀሐይና ነፋስ ላይ ብዙ ቀን አውይው፣ ሽታው አልለቅ ካለ ለአራስ አታልብሺው።

ደግሞ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ብል የሚወደው ሱፍ ነው። ንጹሕ የጥጥ ልብስ ብዙም አይነካውም፣ ላብና ወተት የነካውን ነው የሚፈልገው። ዋናው ነገር ታጥቦ መቀመጡ ነው። ብዙ እናቶች ልብሱ ለዓይን ንጹሕ ስለሚመስል እንዲሁ አጣጥፈው ያስገቡታል፣ ከዓመት በኋላ ሲወጣ አንገቱ ዙሪያ ቢጫ ይሆናል። እሱ የወተት ቅሪት ነው፣ ሲከርም ነው የሚታየው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ በሳሙና እጠቢው፣ ፀሐይ ላይ አስጪው። በረኪና አታብዢ፣ ላስቲኩን ይጨርሰዋል። ትንሽ እንኳ እርጥበት ካለው አታስገቢው፣ ይሻግታል።

ማዳበሪያውን ከበረንዳ አንሺው። ካርቶንም እርጥበት ይስባል። ቁም ሳጥኑ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ከሆነ ሻንጣውን በሌላ በኩል አድርጊው፣ ያ ግድግዳ ነው ብዙ ጊዜ የሚያልበው። ጥቅምት ላይ ክረምቱ ሲያልቅ አውጥተሽ አንድ ቀን ፀሐይ አስመቺው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ እናት፦
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ቤዝመንት ስላለን ቦታ አይቸግረንም፣ እሱም የራሱ ችግር አለው። ቦታ ስላለ ብቻ ሁሉም ነገር ይቀመጣል። ሁለተኛው ሲወለድ የቱ የት እንዳለ ስለማላውቅ ልብሱ ሲገኝ ልጁ አልፎታል። እኔን የጠቀመኝ እያንዳንዱ ቦርሳ ላይ መጻፍ ነው፤ «ከ0 እስከ 3 ወር»፣ «ከ3 እስከ 6»፣ እንዲህ። በመለያው ብቻ ግን አትመሪ። የአንዱ ስድስት ወር የሌላው ዘጠኝ ወር ነው፣ ከቱርክ የሚመጣውና ከቻይና የሚመጣውም አይገናኝም። ልብሶቹን አንዱን በአንዱ ላይ ዘርግተሽ በቁመት ለያቸው።

ዘመድ አገር ቤት ሲሄድ ከዚህ የሚፈቀደው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው፣ የሕፃን ልብስ ደግሞ ቀላል ነው፣ ብዙ ይይዛል። ውጭ ዘመድ ካለሽ ከመግዛትሽ በፊት ጠይቂ። ግን የምትፈልጊውን በቁመትና በወር ለይተሽ ንገሪያቸው። ሰው በደግነት የበረዶ ካፖርት ይልክልሻል፣ አዲስ አበባ ላይ ማን ይለብሰዋል? ቦታ ብቻ ነው የሚይዝብሽ።

ታናሽ ሆኜ ያደግኩ፦
ገና ልጅ የለኝም፣ ግን ከአራት ልጆች የመጨረሻዋ ነኝ፣ ስለዚህ ከለባሹ ወገን ልናገር። የእህቶቼን ልብስ መልበስ አልጎዳኝም። አንዳንዱን እንዲያውም ገና እሷ ለብሳው እያለ እመኘው ነበር። የሚከፋኝ በዓል ሲደርስ ነበር። ለእንቁጣጣሽ ሰፈሩ ሁሉ አዲስ ለብሶ አበባዮሽ ሲል የኔ ቀሚስ ካምና የለበሰችው መሆኑን ጓደኞቼ ያውቁት ነበር። ልጅ ይሄን ያስተውላል፣ ትንሽ ናት አይገባትም አትበሉ። ለሕፃን ግድ የለም፣ ከአራት ዓመት በላይ ሲሆን ግን ቢያንስ ለዓመት በዓል አንድ የራሷ የሆነ ነገር ይገዛላት። ርካሽም ይሁን። ለዚያ ስትይ ብዙ ልብስ አታከማቺ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት በኋላ ያለውን ልብስ ለሌላ ልጅ ስጪው።

የሦስት ልጆች እናት፣ አዳማ፦
ታናሿ እህቴ፣ ይሄን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። ሦስተኛዋን ልጄን አሰብኳት።

የጀሞዋ እናት፣ አንድ ነገር ልጨምር። የሚወጣውን ለልዋጭ አትስጪው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ደህና ልብስ ወስደው አንድ ሳፋ ነው የሚሰጡሽ። ቤት ውስጥ የምትረዳሽ ልጅ ካለች መጀመሪያ እሷን ጠይቂ፣ ገጠር ታናናሾች ይኖሯታል። ግን ሁሉን ጠቅልለሽ አታሸክሚያት፣ ራሷ ትምረጥ፣ የተቀደደና ነጠብጣብ ያለበትን ለሰው መስጠት ክብር አይደለም። ማሳደጊያ መስጠት ከፈለግሽ አዲስ አበባ ክበበ ፀሐይ አለ፣ ግን ዝም ብለሽ ይዘሽ አትሂጂ፣ ቀድመሽ የቱን ዕድሜ እንደሚፈልጉ ጠይቂ። እናትሽ ለማያውቁት ሰው መስጠቱን ካልወደዱ አትከራከሪያቸው፣ የሚያውቁት ሰው ፈልጉለት፣ በሰፈር አይጠፋም።

የጀሞዋ እናት፦
ባለቤቴ ትናንት ለእህቱ ደወለላት። እኔ ስንት ቀን የተጨነቅኩበትን እሱ ሻይ እየጠጣ ተናገረው። መልሷ የጠበቅኩት አልነበረም። «እኔም ቤት ጠባብ ነው፣ ሁሉን አታምጡብኝ፣ አሁን እስከ ሦስት ወር ያለውን ብቻ ስጡኝና እሱን ስመልስ ቀጣዩን እወስዳለሁ» አለች። ስለዚህ በየሦስት ወሩ እንለዋወጣለን ማለት ነው። የክርስትናዋ ልብስና የእናቴ ሹራብ እኔ ጋ ይቀራሉ፣ እሱንም ነግሯታል።

ማዳበሪያውን ዛሬ ከፍቼ ግማሹን ለጎረቤቴ የወንድም ልጆች ሰጠሁ፣ እናቴም ስለምታውቃቸው ደስ አላት። የቀረኝ ጫማ ነው። አራት ጥንድ አለ፣ ሁለቱ ጭራሽ አዲስ ይመስላሉ። ይቀመጡ?

ነርስ፣ ባሕር ዳር፦
መራመድ ሳትጀምር ያደረገቻቸው ለስላሳዎቹ ይቀመጡ። የሄደችባቸውን ሶላቸውን ገልብጠሽ እይ። ተረከዙ በአንድ ጎን ከተበላ ወይም ውስጡ የእግሯን ቅርጽ ከያዘ ለሌላ ልጅ አይመችም፣ አስወግጂው። አዲስ የሚመስሉት ሶላቸው እኩል ከሆነና ስታጥፊያቸው በጣት በኩል የሚታጠፉ ከሆነ አስቀምጪ፣ ግን ውስጣቸውን በደንብ አጽድተሽ ፀሐይ ካስመታሽ በኋላ ይሁን። ለባለቤትሽ እህት የምትሰጪውንም ከመላክሽ በፊት ቁልፉን አንድ በአንድ ጎተት ጎተት እያደረግሽ ሞክሪው፣ የላላ ካለ አጥብቀሽ ስፊው ወይም ቁረጪው፣ አንገት ላይ ገመድ ያለው ኮፍያም ካለ ገመዱን አውጪለት።