ለመምህራን ኮሌጅ ዲን «ጥሩ አስተዳዳሪ ይበቃል» ላላችሁ

ጠመኔ፦
ትናንት ስለ ሠልጣኞች ምደባ ስናወራ «ነገሩ ነው» የሚባለው አባላችን በመሀል አንድ ነገር ጣል አድርጎ ሄደ። «ለመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዲን ጥሩ አስተዳዳሪ ይበቃል፤ ማስተማሩን መምህራኑ ይጨርሱታል» አለ። የላይኩ ብዛት! ላይክ ካደረጉት ውስጥ የኮሌጅ መምህራን አሉበት። እኔን ያናደደኝ እሱ ነው።

እስቲ ንገሩኝ። ዲን ከክልሉ ትምህርት ቢሮ በደብዳቤ ይመጣል። ትናንት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የነበረ ሰው ዛሬ ኮሌጅ ይመራል፣ ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ሴክተር ይነሳል። አንድም ቀን አንደኛ ክፍል ገብቶ ፊደል አስቆጥሮ የማያውቅ ሰው፣ ፊደል የሚያስቆጥሩ መምህራን የሚወጡበትን ቤት ይመራል። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ 3.2 በመቶ አለፈ ሲባል አገር ይደነግጣል። ምኑ ነው የሚያስደነግጠው?

ነገሩ ነው፦
ሰላም ጠመኔ። ስትጠቅሰኝ ሙሉውን አንብብ እንጂ። «ጥሩ» ብያለሁ እኮ። አስተዳዳሪ ስል ካድሬ ማለቴ አይደለም።

ኮሌጆቻችን ውስጥ ምን እንደሚጎድል አብረን እናውቃለን። ግዢ ዓመት ሙሉ ይጓተታል። የክረምት ሠልጣኝ ሻንጣውን ይዞ ደርሶ ዶርሙ አልተጸዳም። የኦዲት ግኝት ይቆለላል። ይሄን የሚፈታው የሥርዓተ ትምህርት ዶክትሬት ነው? እኔ የሠራሁበት ኮሌጅ ዲኑ በትምህርቱ አንቱ የተባለ ሰው ነበር። አንዲት የፎቶኮፒ ማሽን ቀለም ሳያስገዛ ሴሚስተሩ አለቀ። ፈተና በእጅ ጽፈን ሰሌዳ ላይ ገልብጠናል።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
«ማስተማሩን መምህራኑ ይጨርሱታል»። ይጨርሱታላ! ያለ ቀለም፣ ያለ መኪና፣ ያለ መጽሐፍ፣ በጸሎት ይጨርሱታል።

የቆላው መምህር፦
እኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ብዙ አልቆየሁም፤ ዲፕሎማ ነኝ፣ ሒሳብ። ፕራክቲከም ላይ፣ ትምህርት ቤት ገብተን ማስተማር ስንለማመድ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሱፐርቫይዘሬ የመጣው ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ነው። መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ገና ሌሎች ትምህርት ቤቶች ይቀሩታል። ከኋላ እንኳ አልተቀመጠም። በሩ ጋ ቆሞ፣ ቅጹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሞላ። «አስተያየት» የሚለው ቦታ ላይ «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥል» ብሎ ጻፈና ፈረመ።

ያን ቀን አምስተኛ ክፍል ሳስተምር የነበረው ክፍልፋይ ነው። ልጆቹ 1/4 ከ1/3 ይበልጣል ብለው ተስማምተው ነው የወጡት፤ 4 ከ3 ስለሚበልጥ። ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ እንዴት እንደማወጣቸው ግን አላወቅኩም። የሚነግረኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ሰውየው በሩ ላይ ነበር እኮ።

ነገሩ ነው፦
ይኸው! መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ፕሮግራም። ይሄ ሁሉ አስተዳደር አይደለም እንዴ? የቆላው መምህር ሳያውቀው ለእኔ መሰከረልኝ።

ጠመኔ፦
አልመሰከረልህም። መኪናው ነበረ፣ ነዳጁም ነበረ። ጥያቄው ለምን ዋለ ነው። አንድ መኪና ያለው ኮሌጅ፣ ፕራክቲከምና የቢሮ ስብሰባ በአንድ ሳምንት ሲገጣጠሙበት ማን ይወስናል? ዲኑ። ያ ውሳኔ ደግሞ የማስተማር ውሳኔ ነው። ለአንድ ሱፐርቫይዘር ስንት ሠልጣኝ ይድረሰው፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይቀመጥ ወይስ ፈርሞ ይሂድ፣ ይሄ ሁሉ እሱ ዘንድ ያልቃል። ፕራክቲከም ከቁም ነገር የማይቆጥር ሰው ስብሰባውን ያስቀድማል። ሁልጊዜ። ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ስብሰባው ላይ ስሙ ይጠራል፣ ፕራክቲከም ላይ ማንም አይጠራውም።

እኛ ጋ ማይክሮቲቺንግ ክፍል የሚባል፣ ሠልጣኞች እርስ በርስ ማስተማር የሚለማመዱበት፣ አለ። የወንበር መጋዘን ሆኗል። እግር የሌላቸው ወንበሮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ንብረት ክፍሉ ደስተኛ ነው፤ ቆጠራ ላይ አንድም አልጎደለም። ጥሩ አስተዳደር!

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ወንበሮቹ ይጨርሱታል።

ሌክቸረር ነኝ፦
ጠመኔ፣ ዲኑን ትተህ ሱፐርቫይዘሩ ላይ አትረማመድ። እኔ ሱፐርቫይዝ አደርጋለሁ። የሳምንት ክፍለ ጊዜዬን ሳልቀንስ፣ ከተማ ዳርና ገጠር የተበተኑ ልጆችን ተከታተል እባላለሁ። አበሉ የሚመጣው ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ ከመጣ። በር ላይ ቆሞ መፈረም ደስ ብሎን የምናደርገው ይመስልሃል?

የቆላው መምህር፦
እኔ እኮ ሰውየውን አልሰደብኩም። አላየኝም ነው ያልኩት።

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ እኔ በደርግ ጊዜ በ12+1፣ ከ12ኛ በኋላ አንድ ዓመት፣ የሠለጠንኩ ነኝ። የተቋማችን ዳይሬክተር አጠገባችን ያለው አንደኛ ደረጃ ሄደው ሁለተኛ ክፍል ገብተው ያስተምሩ ነበር። እኛ ከኋላ ግድግዳ ተደግፈን እናያለን። አንዲት ልጅ አልመልስ ስትላቸው ጥያቄውን ገለባበጡት፣ ጠጠር አስያዟት፣ መጨረሻ ላይ ራሷ አገኘችው። ወጥተን «ለምን መልሱን አልነገርኳትም?» ብለው አፋጠጡን። እንግዲህ እሳቸውም አስተዳዳሪ ነበሩ። ደመወዝም ፈርመዋል፣ ሰውም ቀጥተዋል።

ነገሩ ነው፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያኔም ሹመት ነበር። ደርግ ማስታወቂያ አውጥቶ አወዳድሮ አልሾማቸውም።

ጡረተኛው፦
ሹመት ነበር፣ አልካድኩም። ከመምህሩ መሀል ነበር የተሾሙት። ቦታው ላይ ሲቀመጡ ጠመኔው ከእጃቸው አልለቀቀም።

ነገሩ ነው፦
የእርስዎ ተቋም እንደዚያ ነበር። ሁሉም ነበሩ?

ጡረተኛው፦
ስለ ሁሉም እኔ ምን አውቄ። ያየሁትን ነገርኩህ። አንተ ያየኸውን የቀለም ታሪክ ነግረኸን የለ?

እህተ መምህር፦
ጋሼ ይመቹኝ።

አንድ ነገር ላንሳ። ኮሌጆቹ የክልል ናቸው፣ እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚጀምረው። በዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ዕቅድ ይቀርባል፣ ቦርድ ያጣራል፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ 1152/2011 አለ። እኛ ጋ ግን ዲኑ መቀየሩን የምንሰማው አዲሱ ሰው ግቢ ሲገባ ነው። የድሮውን ደቡብ ተመልከቱ። ሐዋሳ፣ ሆሳዕና፣ አርባ ምንጭ፣ ቦንጋ በአንድ ቢሮ ሥር ነበሩ። ዛሬ አራቱም የተለያየ ክልል ናቸው። አራት ቢሮ፣ አራት ዓይነት አሿሿም። ኮተቤ እንኳ ስንት ስም ቀያይሮ፣ ኮሌጅ ሆኖ፣ ሜትሮፖሊታን ሆኖ፣ አሁን የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌሎቹን ማን ያስታውሳቸዋል?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
እህቴ፣ የዩኒቨርሲቲውን ውድድር እንደ ቅዱስ አታቅርቢው። ማን እንደሚያልፍ ማስታወቂያው ሳይወጣ የሚታወቅበት ግቢ አለ።

እህተ መምህር፦
እንደ ቅዱስ አላቀረብኩም። ቢያንስ የተወዳደረ ሰው ዕቅዱን ቆሞ ያነባል፣ ጥያቄ ይጠየቃል። እኛ ሰላምታ እንኳ በግድ ነው የሚደርሰን።

ሥራ ላይ ነኝ፦
መምህራኑ ራሳቸው ይምረጡ በቃ። ምን ይጨቃጨቃል?

እህተ መምህር፦
ይምረጡ ትላለህ። የወንዝ ልጅ ይቆጠርና ጉዱ ይፈላል። ሌላም አለ። እዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ «እሱ፣ ሰውየው፣ ጌታው» ብቻ ነው የማነበው። ክፍሎቹ በሴት ሠልጣኝ ተሞልተዋል፣ ዲንነት ላይ ግን እኛ አንታሰብም። ስንታሰብም የተማሪዎች ጉዳይ ላይ ነው፤ ልጅ አባብይ ተብለን።

ሥራ ላይ ነኝ፦
እሱን ሌላ ጊዜ እናውራ።

እህተ መምህር፦
ሌላ ጊዜ! መልካም። ቀኑን ንገረኝና ልልበስ።

ሌክቸረር ነኝ፦
ጠመኔ ያነሳው 3.2 በመቶ ላይ ግን ልመለስ። እሱ የ2015 ነው። የ2016ቱ 5.4 ነበር፣ የ2017ቱ 8.4 ደርሷል። ደግሞ 12ኛ ክፍልን የሚያስተምረው ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ፒጂዲቲ፣ ከዲግሪ በኋላ ያለውን የማስተማር ዲፕሎማ፣ የወሰደ ሰው ነው። ከኮሌጅ የሚወጣው መምህር የሚያስተምረው እስከ 8ኛ ክፍል ነው። የራስህን ቤት ባልሠራው ወንጀል አትክሰስ።

ጠመኔ፦
ተማሪው ታዲያ ከ8ኛ በታች ያለውን ዘሎ ነው 12ኛ የደረሰው? 1/4 ከ1/3 ይበልጣል ብሎ የወጣው ልጅ የት የሚደርስ ይመስልሃል? 8.4 ሲባል ደግሞ ከመቶ ከ90 በላይ ወደቀ ማለት ነው፤ እልል እንበል?

ሌክቸረር ነኝ፦
እልል በል አላልኩም። ቁጥር ስትጠራ በዓመቱ ጥራ ነው ያልኩት። የ2014ቱን 3.3 ትተህ ትንሿን መረጥክ፤ ቲፎዞነት ነው።

ሥራ ላይ ነኝ፦
ጥፋቱ የሚጀምረው መግቢያው ላይ ነው። ሌላ ቦታ ያልተሳካለት ልጅ ኮሌጅ ይገባል። ማንም ዲን ቢሆን፣ ጋሼ ያወሩልን ሰውዬም ቢሆኑ፣ መምህር መሆን ካልፈለገ ልጅ መምህር አያወጡም።

የቆላው መምህር፦
እኔ ነኝ ያ «ሌላ ቦታ ያልተሳካለት ልጅ»። መምህር መሆን አልፈለግኩም ነበር። አሁን እፈልጋለሁ። እንድፈልግ ያደረገኝ አምስተኛ ክፍል ነው እንጂ ኮሌጁ አይደለም።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ይሄን ኮሜንት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ለሁሉም ዲን ላኩ።

ነገሩ ነው፦
ስሜቱ ይገባኛል። ግን ዙሪያ ጥምጥም እየሄድን ነው። እኔ «ጥሩ አስተዳዳሪ ይበቃል» ያልኩት ምክትል ዲን ስላለ ነው። አካዳሚክ ምክትል አለ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊ አለ፣ የፕራክቲከም አስተባባሪ አለ። ማስተማሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዲኑ በጀት ያምጣላቸው፣ ከቢሮ ጋር ይጋፈጥላቸው። የፔዳጎጂ ሊቅ ቢሮ ሄዶ በጀት ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በትሕትና ተቀንሶበት ነው የሚመለሰው።

ጠመኔ፦
ዲኑ «ለፕራክቲከም ተጨማሪ ነዳጅ ስጡኝ» ብሎ ቢሮ ሲገባ፣ ኃላፊው «ለምን ያስፈልጋል? አንድ ጊዜ ሄደው ቢያዩስ?» ይለዋል። ያኔ የአምስተኛ ክፍሉን ልጅ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? «አስተባባሪዬን ልጠይቅ» ነው የሚለው? በጀት የሚገኘው በክርክር ነው። ለመከራከር ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቴሶ፣ የመምህራን ትምህርት ማሻሻያው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጣ ሠልጣኙ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ይቆይ ተብሎ ነበር። ወረቀቱ ላይ የቀረው ወረቀቱ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ቢሮ ገብቶ የሚከራከርለት ስላጣ ነው።

ሌክቸረር ነኝ፦
እዚህ ላይ ከጠመኔ ጋር ነኝ። ሳልወድ።

ነገሩ ነው፦
መልካም። እንግዲያው መስፈርት አውጡ። ጠመኔ፣ አንተ ጻፈው። የመጀመሪያው ምንድን ነው?

ጠመኔ፦
አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ ያስተማረ። የተወሰኑ ዓመታት። ሁለተኛ፣ ዲን ከሆነ በኋላም በየሴሚስተሩ ፕራክቲከም ወጥቶ ሠልጣኝ የሚያይ፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ተቀምጦ። ሦስተኛ፣ በደብዳቤ የማይነሳ፣ የሥራ ዘመን ያለው።

ነገሩ ነው፦
የመጀመሪያው ላይ ቁም። አንደኛ ደረጃ ያስተማረ። ከኮሌጅ መምህራን ስንቱ ያልፋል? ብዙው ከዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን ይዞ በቀጥታ ነው የገባው። ኬሚስትሪ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ። ኤችዲፒ (ለኮሌጅ መምህራን የሚሰጠውን የማስተማር ሥልጠና) ወሰደ፣ ተመረቀ፣ አሠልጣኝ ሆነ። አንደኛ ደረጃን የሚያውቀው ተማሪ ሆኖ ነው። በአንተ መስፈርት የካድሬውን በር ዘግተህ የሌክቸረሩንም ዘጋህ። ማን ቀረ? ጋሼን ከጡረታ እንጥራ?

ጡረተኛው፦
እኔን ተዉኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም።

ሌክቸረር ነኝ፦
ቆይ፣ እኔን ምን አመጣኝ እዚህ? አሥር ዓመት በላይ መምህራን አሠልጥኜ፣ የተግባር ምርምር ከትምህርት ቤቶች ጋር ሠርቼ፣ «አንደኛ ደረጃን አያውቅም» ልባል? ጠመኔ፣ ይሄ መስፈርትህ ለእኔም ነው?

ጠመኔ፦
ለሁላችንም ነው። ለእኔም።

ሌክቸረር ነኝ፦
ታዲያ መጀመሪያ ለአሠልጣኙ አውጣዋ! ከታች ጀምር። ዲኑ ላይ ብቻ ስትጭነው የሚገርም ነው።

ነገሩ ነው፦
እኔ ምን አልኩ? ጥሩ አስተዳዳሪ ይበቃል።

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
አይበቃም።

ነገሩ ነው፦
ለምን አይበቃም?

ባለ ቀይ እስክሪብቶ፦
ጠመኔ የጻፈውን ከላይ ጀምረህ አንብብ። እኔ ክፍል አለኝ፣ ስመለስ እቀጥላለሁ።