በዐቢይ ጾም ከልጆች ጋር ሥዕል ስለ መሥራት፦ ከሐዋሳ የተጻፈ መልስ

ውድ ወገኖቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ቤተ ክርስቲያናችሁ በኪራይ አዳራሽ እንደምትገለገል፣ በውጭ የተወለዱት ልጆቻችሁ ሁዳዴን ከሥጋና ከወተት መከልከል ብቻ አድርገው እንደሚያዩት ጽፋችሁ፣ ምእመናኑ በጾሙ ወራት በአንድነት ቅዱሳት ሥዕላትን ቢሠሩ ይገባ እንደሆነ ጠይቃችኋል። እኛም በሐዋሳ በሰንበት ትምህርት ቤት በጾሙ ከልጆችና ከወጣቶች ጋር የእጅ ሥራ ስለምንሠራ፣ የምናውቀውን እጽፍላችኋለሁ። ለታኅሣሥ 19 የቅዱስ ገብርኤል ንግሥ ከውጭ ወደ ከተማችን የሚመጡ ወገኖችም ይህን ጥያቄ ስለሚያነሡት መልሱ ለሌሎችም ይጠቅም ይሆናል።

አስተያየቴን አስቀድሜ ልናገር። ልጆቹ ይሥሩ፤ ነገር ግን ከእጃቸው የሚወጣው የሚማሩበት ሥዕል ይሁን እንጂ ምእመናን ፊቱ ቆመው የሚጸልዩበት ቅዱስ ሥዕል አይሁን። ቅዱስ ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው። ምስለ ፍቁር ወልዳን የሚሥል ሠዓሊ የእመቤታችንን አለባበስ፣ ልጇን የታቀፈችበትን አኳኋንና የእጆቿን አቀማመጥ ከቀደሙት ተቀብሎ ይሥላል እንጂ ከልቡ አያመነጭም፤ ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎችን በጎን በአንድ ዓይን የመሣሉ ልማድም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላም በካህናት ጸሎት ተባርኮ ነው ለአገልግሎት የሚውለው። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ችግር አለ፤ ልጅ ሲለማመድ ብዙ ወረቀት ያበላሻል፤ የጌታ ወይም የእመቤታችን ፊት የተሞከረበት ያ ሁሉ ወረቀት ወዴት ይጣላል? እኛ ዘንድ ፊቱ ሥዕል ለተማረው ሰው ይተዋል፤ ልጆቹ ግን በታሪኩ ውስጥ ያለውን ቀሪውን ነገር ሁሉ ይሥላሉ።

ቀሪው ነገር ደግሞ ትንሽ አይደለም። የጾሙ እሑዶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስምና ወንጌል ስላላቸው፣ ለስምንቱ ሳምንት የሚሆን ሥራ ያለ ብዙ ድካም ይገኛል። በምኩራብ የተገለበጡ ገበታዎች፣ የተበተነ ገንዘብና ርግቦች አሉ። በመጻጉዕ 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ይሣላል፤ ልጆች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ይህን ነው፤ የእኛዎቹ የጠፍር አልጋ ያሸክሙታል፣ የእናንተዎቹ ምን ዓይነት አልጋ እንደሚያሸክሙት ለማየት እጓጓለሁ። በደብረ ዘይት ቅጠሏ የለመለመውን በለስ፣ በገብር ኄር አምስቱንና ሁለቱን መክሊት እንዲሁም አንዱ የተቀበረበትን ጉድጓድ፣ በኒቆዲሞስ ሌሊቱንና መብራቱን መሣል ይቻላል። ቅድስት ለሥዕል አስቸጋሪ ናት ይሉኛል፤ ይሁን እንጂ በዕለቱ የሚነበበው ወንጌል የሚጦም ሰው ራሱን እንዲቀባና ፊቱን እንዲታጠብ ስለሚያዝ፣ ውኃ የያዘ ገንዳና የዘይት ማሰሮ ለትንንሾቹ ይበቃቸዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት፣ ዘወረደን፣ ለዕቃ ዝግጅት ብታውሉት ይሻላል። ልጁ በየሳምንቱ የሚሠራውን ለማወቅ ወንጌሉን አስቀድሞ መስማት ስለሚኖርበት፣ ጾሙ ከምግብ ሌላ የሚጠብቀው ነገር ያገኝለታል። በጾሙ ከበሮና ጸናጽል ስለማይመታም፣ ወጣቶቹ ለከበሮ ልምምድ ያውሉት የነበረው ሰዓት ለዚህ ሥራ ይተርፋል።

ስለ ዕቃው፣ በግድግዳ ላይ ምንም ማንጠልጠል ስለማይፈቀድላችሁ እንጨት አልመክራችሁም። የጥንቶቹ ሠዓልያን እንጨቱን በእንስሳት ሙጫ በተለወሰ ነጭ ልስን ቀብተው በላዩ ይሥሉ ነበር፤ ነገር ግን በጣና ዙሪያ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት እንደሚታየው የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል በጥጥ ጨርቅ ላይ መሥራትም የቆየ ልማዳችን ነው። አቡጀዲ ገዝታችሁ በእንጨት ፍሬም ወጥሩት፤ በሥሡ ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ካደረቃችሁት በኋላ በአክሪሊክ ሣሉበት፤ ሥራው ሲያልቅ ከፍሬሙ አውጥታችሁ የተቀባውን ገጽ ወደ ውጭ አድርጋችሁ በበትር ጠቅልሉት፤ ከቅዳሴ በፊት ይዘረጋል፣ ከቅዳሴ በኋላ ይሰበሰባል። ቀለሙን አታወፍሩት፤ የወፈረ ቀለም ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። በሐዋሳ የበልጉ ዝናብ በጾሙ መካከል ስለሚጀምር፣ አንዱ ንብር ሳይደርቅ ሌላውን እንዳንደርብ እንጠነቀቃለን፤ የእናንተ አዳራሽ ማሞቂያ ካለው ይህ አያሳስባችሁም። ከመካከላችሁ አንዱ በእንቁላል አስኳል ቀለም መለወስ የጥንት ጥበብ ነው ብሎ እንደ ነበር ጠቅሳችኋል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሁዳዴ እንቁላል ታቅፎ ወደ አዳራሽ የሚገባ ሰው ለስንት እናቶች ማብራሪያ ሊሰጥ ነው? ይቅርባችሁ።

ለአዋቂዎቹ ሥራ አይጠፋም። ፍሬም የሚያበጅ፣ የጨርቁን ጠርዝ የሚዘመዝም፣ ቀለም የሚበጠብጥ ያስፈልጋል፤ ሽማግሌዎቹም በአገር ቤት በየደብራቸው ያዩትን ሥዕል ለልጆቹ ቢተርኩላቸው መልካም ነው። ፊቶቹን የሚሥል የተማረ ዲያቆን ወይም መምህር በአቅራቢያችሁ ባይገኝ ስፍራውን ባዶ ተዉት እንጂ በድፍረት አትሙሉት። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ ሳምንቱ የስግደትና የጸሎት ስለሆነ እኛ ብሩሽ አናነሣም፤ ስለዚህ ሥራው እስከ ሆሣዕና ዋዜማ እንዲያልቅ አድርጋችሁ አቅዱ።

ለሆሣዕና የሚሠራው በዘንባባ ነው፤ ቀለበቱንና መስቀሉን ትንንሾቹም ከታላላቆቻቸው እያዩ ቶሎ ይለምዱታል። ቅጠሉ እንዳይደርቅ እስከ ሥራው ሰዓት ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይ። በውጭ ያሉ የአበባ ሱቆች ዘንባባ የሚያመጡት ለምዕራባውያኑ ሆሣዕና ነው፤ የእኛው በዓል በአንዳንድ ዓመት ከእነርሱ ጋር በአንድ ቀን ቢውልም፣ በሌላው ዓመት እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ስለሚዘገይ ያን ጊዜ ሱቁ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የዘንድሮውን ቀን ለባለ ሱቁ ጾሙ ሲገባ ንገሩት፤ ከምታስቡትም አብዝታችሁ እዘዙ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀለበት ብላችሁ ብትቆጥሩ አይበቃችሁም፣ እያንዳንዱ ለዐሥሩም ጣቱ ይፈልጋልና።