የሆስፒታል የበሽታ ኮድ ከሌሎች አገሮች ጋር በአንድ መመዘኛ ይመዘን?

አስተባባሪ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። በባሕር ዳርና በአካባቢዋ ያሉ ሆስፒታሎች ለተኝቶ ታካሚዎች የሚሰጡት የበሽታ ኮድ፣ ማለትም በሽታውን የሚወክለው የፊደልና የቁጥር መለያ፣ ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር እየተነጻጸረ ጥራቱ ይመዘን ወይስ እንዲህ ያለው ንጽጽር ያሳስታል? ተከራካሪዎች ከየሥራቸው የሚያውቁትን ቢያቀርቡ እንጠቀማለን።

የጤና መረጃ መምህር፦ መመዘን አለበት እላለሁ። አይ.ሲ.ዲ. የምንለው ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ የተዘጋጀው የአንዱ አገር የሕመምና የሞት ቁጥር ከሌላው ጋር እንዲነጻጸር ነው። ዐሥራ አንደኛው እትም በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ጉባኤ ጸድቆ ከ2022 መጀመሪያ አንሥቶ ሥራ ላይ እንዲውል ተወስኗል። እኛ ዘንድ ጥራት ተብሎ የሚፈተሸው በአብዛኛው ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር መግጠሙ ነው፤ በመዝገቡ የሰፈረው በሽታ በእርግጥ የታካሚው በሽታ መሆኑን ግን ይህ ፍተሻ አይነግረንም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ መምህር፣ ምደባው አንድ ቢሆንም ደንቡ አንድ አይደለም። ከባጃጅ ወድቆ ጭኑ የተሰበረ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሳንባ ምች ያዘው፣ በእርሱም ሳቢያ ስብራቱ ከሚጠይቀው በላይ ረጅም ጊዜ ተኛ እንበል። በአሜሪካ ደንብ ዋናው ዲያግኖሲስ (ሐኪሙ የለየው በሽታ)፣ ተመርምሮ ሲታይ ለመተኛት ምክንያት የሆነው ስለሆነ፣ ስብራቱ ይጻፋል። በካናዳ ደንብ ግን ከቆይታው ትልቁን ድርሻ የወሰደው ሕመም ዋና ስለሚባል የሳንባ ምቹ ይቀድማል። ሁለቱም ኮድ ሰጪዎች ደንባቸውን ጠብቀዋል፤ በዋና ዲያግኖሲስ ብቻ የሚያነጻጽር ሰው ግን በአንዱ አገር አጥንቱ የሚሰበር፣ በሌላው ሳንባው የሚታመም ሕዝብ ያገኛል። በዚያ ላይ አሜሪካና አውስትራሊያ ሕመሙ ታካሚው ሲገባ የነበረ ወይስ ከገባ በኋላ የመጣ መሆኑን በምልክት ይለያሉ። ምልክቱ በሌለበት መረጃ ታካሚው ይዞት የመጣው ሕመምና ሆስፒታሉ ውስጥ ያገኘው ይቀላቀላሉ።

የካርድ ክፍል ባለሙያ፦ ካናዳ ከመድረሳችን በፊት የራሳችንን ጠረጴዛ ላሳያችሁ። ክረምቱ ወጥቶ ወባ በሚበረታበት ወቅት ከፎገራ የሩዝ ማሳ ትኩሳት ይዞት የመጣ ገበሬ ፋይል እጃችን ይገባል። በመውጫ ማጠቃለያው ላይ «ትኩሳት፤ ተሽሎት ወጥቷል» ከሚል በቀር ምንም የለም። በምደባው ዐሥረኛ እትም ለዚህ የሚሰጠው ኮድ አር 50.9፣ ማለትም ምንነቱ ያልተገለጸ ትኩሳት፣ ነው። ፋይሉን እስከ መጨረሻው የገለጠ ግን ከሐኪም ማዘዣው ጀርባ በስቴፕለር የተያዘች ትንሽ የላብራቶሪ ወረቀት ያገኛል፤ ፋልሲፓረም ፖዘቲቭ ትላለች። ኮዱ ቢ 50፣ ማለትም ፋልሲፓረም በተባለው ተሕዋስ የሚመጣ ወባ፣ መሆን ነበረበት ማለት ነው። እኔ ግን ከላብራቶሪ ወረቀት ብቻ ተነሥቼ ዲያግኖሲስ ልጽፍ አልችልም፤ መጻፍ ያለበት ሐኪሙ ነው። ዶክተር ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለ ደንብ ልዩነት የምንጨነቀው የተጻፈ ነገር ሲኖር ነው።

የጤና መድን ባለሙያ፦ ገንዘቡን ረሳችሁት። አሜሪካ ውስጥ የአረጋውያኑ መድን፣ ሜዲኬር፣ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሆስፒታል የሚከፍለው ታካሚው በተመደበበት የበሽታ ቡድን ነው፤ ተጓዳኝ ሕመም በተጨመረ ቁጥር ክፍያው ከፍ ሊል ስለሚችል ኮድ የሚያጎድል ሆስፒታል ይከስራል፣ የሚያጋንንም አይጠፋም። የእኛ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ፎገራን ጨምሮ በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ክፍያው የተመሠረተው በተሰጠው አገልግሎት ላይ እንጂ በኮድ ላይ አልነበረም። ኮድ በመጻፉ የሚያገኝ፣ ባለመጻፉም የሚያጣ በሌለበት ተጓዳኝ ሕመም ሳይመዘገብ ቢቀር ምን ይደንቃል?

የጤና መረጃ መምህር፦ የጥሬ ቁጥር ንጽጽር እንደሚያሳስት እቀበላለሁ። እኔ የምለው ሌላ ነው። በዕጣ ለወጡ ፋይሎች ሌላ ባለሙያ የመጀመሪያውን ኮድ ሳያይ እንደገና ኮድ ይስጥ። ከዚያም በፋይሉ መሠረት ስኳር ካለባቸው ታካሚዎች ስንቱ ኮዱን አገኙ፣ ኮዱን ካገኙትስ ስንቱ በእርግጥ ስኳር አለባቸው ብለን እንጠይቅ። ሌላ አገር የተደረጉ እንዲህ ያሉ ፍተሻዎች ደጋግመው ያሳዩት ኮድ የተሰጠው ተጓዳኝ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እውነት መሆኑን፣ ኮድ ሳይሰጠው የሚቀረው ግን ብዙ መሆኑን ነው። ሆስፒታሉ የሚመዘነው ከራሱ ፋይል ጋር ስለሆነ የየአገሩ ደንብ ቢለያይም ውጤቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ፋይሉ ራሱ ከጎደለስ? ሐኪሙ ያልጻፈው ስኳር በዚህ ፍተሻ እንደሌለ ይቆጠራል። ሁለቱ ኮድ ሰጪዎች ይስማማሉ፣ ታካሚው ግን ስኳሩን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ሐኪሞቹ በዝርዝር የሚጽፉበት ሆስፒታል፣ የሚያመልጠው ኮድ ስለሚበዛ፣ በሁለት ቃል ከሚጨርሰው ሆስፒታል ያነሰ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ይህን መለኪያ ከአገር ውጭ ከማውጣታችን በፊት እዚሁ ከተማ ውስጥ ባሉ ሁለት ሆስፒታሎች መካከል እንኳ ያዳላል።

የካርድ ክፍል ባለሙያ፦ እንግዲያውስ ፍተሻው የላብራቶሪና የመድኃኒት ቤት መዝገብን ይጨምር፤ ኢንሱሊን የወሰደ ታካሚ ፋይሉ ላይ ስኳር ካልተጻፈ ጉድለቱ የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ይለያል። ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ተጨማሪ ሰው በካርድ ክፍል ላይ የሚጫን ከሆነ ግን እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቁጠሩኝ።