ለመራጭ ልጆች ማታ ቶሎ የሚደርስ እራት፦ ጥያቄና መልስ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ቤት የምገባው 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ልጆቹ (የ7 እና የ4 ዓመት) 2 ሰዓት ላይ መተኛት አለባቸው። ትልቁ የሽንኩርት ቁራጭ ካየ ሳህኑን ይገፋል፤ ትንሿ በርበሬ የነካው ነገር አትቀምስም። ያለ ጭቅጭቅ የሚበሉት ነጭ ፓስታና ዳቦ ብቻ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በርበሬ የሌለው ወጥ አይሆንለትም። ረቡዕና ዓርብ እኛ እንጾማለን። ሁለት ዓይነት እራት መሥራት አልችልም። ሽሮው ይጓጉልብኛል፤ ሩዙ ታቹ ሲያርር ላዩ ጥሬ ይቀራል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የጓዳ ሰው፦ እህቴ፣ ማታ ጊዜሽን የሚበላው ሽንኩርት ማቁላላቱ ስለሆነ እሱን ወደ እሁድ አዙሪው። 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ከትፈሽ በሰፊ ድስት ያለ ዘይት አቁላዪ። ውኃው መጦ ሲለሰልስ (ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል) አንድ የሻይ ብርጭቆ ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምረሽ 10 ደቂቃ አቆዪው። ዘይቱን ቀድመሽ ከጨመርሽ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ ልጁ የሚለቅመውም ያንኑ ነው።

አሁን ለሁለት ክፈዪው። ግማሹን በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ነጭ ቁሌት አድርጊው። በቀረው ላይ 5 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረሽ፣ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረግሽ በዝግታ 20 ደቂቃ አብስዪው። ከቀዘቀዘ በኋላ ለአንድ ማታ የሚበቃውን እየለካሽ በትንንሽ ዕቃ ፍሪዘር አስገቢ፤ አንድ ወር ይቆያል። በፍሪጅ ከሆነ 4 ቀን ነው። መብራት ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ከቀለጠና ከሞቀ ግን መልሶ ማቀዝቀዝ አይገባም።

ማታ ወጡን በነጩ ቁሌት ትሠሪና የልጆቹን ታወጫለሽ። በድስቱ በቀረው ላይ ሁለት ማንኪያ ቀዩን ቁሌት ጨምረሽ 5 ደቂቃ ታንተከትኪዋለሽ። ለባለቤትሽ ብለሽ መጨረሻ ላይ ደረቅ በርበሬ አትበትኚ፤ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ቃርም ያመጣል።

ጠያቂ፦ በጣም አመሰግናለሁ። ሽንኩርቱን በመፍጫ ብፈጨውስ? ይመርራል ሲባል ሰምቻለሁ።

የጓዳ ሰው፦ ጥሬው ተፈጭቶ ሲቆይ ይመርራል፤ ውኃም ስለሚበዛበት ለመምጠጥ ጊዜ ይወስዳል። መጀመሪያ አቁላዪው፣ ዘይት ከገባና ከበሰለ በኋላ ነጩን ብቻ ፍጪው። አንድም ቁራጭ አይታይም፣ ምሬትም የለውም። ትኩስ ሆኖ መፍጫ ውስጥ እንዳታስገቢው ብቻ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

ባለ ሽሮ፦ መጀመሪያ የገዛሽው ሽሮ የትኛው እንደሆነ እዪ። ሚጥን ሽሮ በርበሬው ከውስጡ ስለሆነ ምንም ብታደርጊ ትንሿ አትቀምሰውም። ነጭ ሽሮ ግዢ። የሚጓጉለው ደረቁ ዱቄት የፈላ ውኃ ሲነካው ላዩ ወዲያው ስለሚበስልና ውስጡ ዱቄት እንደሆነ ስለሚቀር ነው። ሁለት የቡና ስኒ ሽሮ በሁለት ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጪ። ስድስት ስኒ ውኃ ከሦስት ማንኪያ ነጭ ቁሌት ጋር ሲፈላ ብጥብጡን እያማሰልሽ አፍስሺ፤ ጨው ጨምረሽ በዝግተኛ እሳት 20 ደቂቃ። ሰባት ደቂቃ ላይ የወፈረ ስለሚመስል ብዙ ሰው ያወጣዋል፤ እንደዚያ የወጣ ሽሮ የልጅ ሆድ ይነፋል። ከወፈረ የምትጨምሪው ውኃ ሙቅ ይሁን። ጾም ባልሆነ ቀን ለልጆቹ ሳህን ላይ ትንሽ ንጥር ቅቤ ጣል አድርጊበት።

ከፍታ፦ ስለ ሩዙ፦ የምትኖሪው አዲስ አበባ ከሆነ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ አይበቃም። እሳት ስትጨምሪ ታቹ ያርራል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። 2 ኩባያ ሩዝ አጥበሽ፣ 4 ኩባያ ተኩል ውኃ፣ ሁለት ማንኪያ ነጭ ቁሌት፣ አንድ የተፈገፈገ ካሮትና ጨው አንድ ላይ አፍዪ። እንደፈላ እሳቱን የመጨረሻ ዝቅ አድርገሽ ክደኚና 20 ደቂቃ አትክፈቺው፤ ላዩን የሚያበስለው እንፋሎቱ ነው። አጥፍተሽ ሌላ 10 ደቂቃ እንደተከደነ ተዪው። ፓስታውንም ከተጻፈው 2 ወይም 3 ደቂቃ አስበልጪና ቀምሰሽ አውጪ።

ፓስታ ከወደዱ ደግሞ የጾሙን ቀን በእሱ ተወጪው፦ ሁለት ጭልፋ የበሰለ ምስር ክክ አድቅቀሽ በነጭ ቁሌትና በቲማቲም ድልህ አዋህጂ። ስጎ ይመስላል፣ ያጠግባልም። ምን እንዳለበት ሳትነግሪያቸው ስጪ።

የሁለት እናት፦ በመጨረሻው አልስማማም። የ7 ዓመቱ አንድ ቀን ምስሩን ካገኘው የሚወደውን ፓስታም ይተወዋል። ከጠየቀ ንገሪው። አዲሱን ነገር አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ከሚያውቀው ምግብ አጠገብ ለብቻው አስቀምጪና ቅመስ ብለሽ አታስጨንቂው። ልጅ አንድን ምግብ ለመቀበል አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ሊያየው ይችላል፤ ሦስቴ ገፋ ብለሽ አትሰርዢው። «ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ» የሚለው እራቱን ቅጣት ያስመስለዋል።

ከ10 ሰዓቱ መክሰስ በኋላ ውኃ ብቻ ስጪ። እራት ሲጠበቅ የሚጠጣ አንድ ብርጭቆ ወተት የትንሿን ሆድ ይሞላዋል፤ ሻይ ደግሞ ከሽሮውና ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል። ክብደቷ ከቀነሰ ወይም ስትበላ ብዙ ጊዜ የሚያንቃት ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ አሳያት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንጀራ በወጥ ስሰጣቸው እጃቸው ስለሚርስ ይተዉታል፤ ፍርፍርም ይላቁጥብኛል።

የጓዳ ሰው፦ ለፍርፍር ያደረ እንጀራ ተጠቀሚ፤ የዕለቱ ይላቁጣል። ለሦስት እንጀራ አንድ ኩባያ ተኩል የፈላ ነጭ ስልስ ይበቃል። እሳቱን አጥፊ፣ ከዚያ እንጀራውን ጨምረሽ ከታች ወደ ላይ ሁለት ሦስቴ ብቻ አገላብጪ። ለእጃቸው ደግሞ ወፍራም የድንች አልጫ በእንጀራው ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ዘርግተሽ አጥብቀሽ ጠቅልዪና በሁለት ጣት ስፋት ቁረጪው። ድንቹን በትንንሹ ከከተፍሽው 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ጥቅሉ እንዳይርስ መረቁ መጦ መሆን አለበት።