ልጅን ጄ.ሲ.ሲ. መዋለ ሕፃናት ማስገባት፦ ምሳው፣ በዓላቱ፣ ክፍያው እንዴት ነው?

እናት ከሮክቪል፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆናትን ልጃችንን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2026 የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል (ጄ.ሲ.ሲ. የሚባለው) መዋለ ሕፃናት ልናስገባት እያሰብን ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ላለው ቤታችን ቅርብ ነው፣ መዋኛም አለው። እኛ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነን። የምጠይቃችሁ፦ ይቀበሉናል ወይ? ሃይማኖት ያስተምራሉ? ሥጋ ማምጣት አይቻልም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እንጀራስ? ሁለታችንም ሠራተኞች ስለሆንን በበዓል የሚዘጋው ስንት ቀን ነው? የክፍያ እርዳታውስ ለአይሁድ ብቻ ነው? የምታውቁ በዝርዝር ብትነግሩኝ።

የሕፃናት መምህርት፦

እህቴ፣ ይቀበላሉ። በእነዚህ መዋለ ሕፃናት አይሁዳዊ ያልሆኑ ልጆች መኖራቸው የተለመደ ነው። ልጅሽን ወደ እምነታቸው ለማስገባት የሚደረግ ነገርም የለም፤ አይሁድ እየሰበኩ ሰው የሚያስገቡ አይደሉም። ግን ቤቱ የአይሁድ ቤት ነው። ዓርብ ጠዋት የሰንበት አቀባበል አለ፦ ሻማ፣ በትንሽ ኩባያ የወይን ጭማቂ፣ ኻላ የሚሉት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ፣ በዕብራይስጥ አጭር ምርቃት። ልጅሽ «ሻባት ሻሎም» እያለች እየዘመረች ትመጣለች። ሻባት የእኛው ሰንበት ነውና ቀዳሚት ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ ማስረዳቱ አይከብድም። በታኅሣሥ ደግሞ የገና ዛፍም የገና መዝሙርም አይኖርም፤ የሚያከብሩት ሐኑካ የሚባለውን የሻማ በዓላቸውን ነው። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት በቤት ውስጥ ተነጋገሩበት።

ወደ ምሳው ልምጣ፤ ወላጆች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ከቤት የሚመጣው ምሳ «ወተት ነክ ወይም ፓርቭ ብቻ» ይሁን ይላሉ። ፓርቭ ማለት ሥጋም ወተትም የሌለበት ነው። ስለዚህ ዶሮም እንደ ሥጋ ይቆጠራል፤ ዶሮ ወጥ፣ ጥብስ፣ የሥጋ መረቅ የነካው ሩዝ ሳይቀር ይመለሳል። ምክንያቱ በአንድ ጠረጴዛ ሥጋና ወተት እንዳይገናኙ ነው፤ ልጆች ደግሞ ማንኪያ ይቀያየራሉ። አይብ፣ እርጎ፣ እንቁላል ይቻላል። የጾም ምግባችን በሙሉ ማለት ይቻላል ፓርቭ ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ድንች በካሮት። በሌላ አነጋገር የረቡዕና የዓርቡን ምግብ ለሳምንቱ በሙሉ አድርጊው፣ ችግር የለም። ሽሮው ቅቤ ከገባበት ወተት ነክ ሆነ ማለት ነው፤ እሱም ያልፋል።

ከሥጋው በላይ የሚያጣላው ለውዝ ነው። ኦቾሎኒ ፈጽሞ አይገባም፤ ብዙ ቦታ ሰሊጥም እንደዚያው። ኮሎ ደግሞ ኦቾሎኒ ባይኖርበትም ትንንሽ ልጆችን ስለሚያንቅ አትላኪ። ከአገር ቤት የመጣ ሽሮ ወይም በሶ ከምን ጋር እንደተፈጨ የማታውቂ ከሆነ ለትምህርት ቤት አትጠቀሚበት።

ምሳ እዚያ አይሞቅም። ሰፊ አፍ ያለው 10 አውንስ ገደማ የሚይዝ ቴርሞስ ግዢ። ጠዋት የፈላ ውሃ ሞልተሽ 10 ደቂቃ አቆዪው፤ ውሃውን ደፍተሽ እየተንተከተከ ያለውን ሽሮ ወዲያው ጨምሪ። እስከ አፉ ካልሞላሽው አየሩ ቶሎ ያቀዘቅዘዋል። ሽሮው ወፈር ይበል፤ ቀጭን ከሆነ ልብሷ ላይ ነው የሚያልቀው። እንጀራውን ለብቻ ያዢው፦ ትኩሱን ከዘጋሽበት ያልበውና ይጣበቃል። ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ጠቅልለሽ በጣት ቁመት ቁረጪው፤ በራሷ እጅ ትበላዋለች።

ለልደት የምታመጪው ኬክ ከመደብር የተገዛ፣ ካርቶኑ ላይ የኮሸር (በአይሁድ ሕግ የተፈቀደ ምግብ) ምልክት ያለበት መሆን አለበት። በብዛት የምታዪው በክብ ውስጥ የተጻፈችው «ዩ» ናት፤ ከጎኗ «ዲ» ካለች እንደ ወተት ነክ ይቆጠራል ማለት ነው። ቤት የተጋገረ ድፎ ወይም አምባሻ ለክፍሉ አይከፋፈልም፤ ስድብ አድርገሽ እንዳትወስጂው፣ የየቤቱን ማዕድ ቤት መቆጣጠር ስለማይቻል ነው። በአይሁድ ፋሲካ ሳምንት ብቻ ዳቦ አይገባም፤ እንጀራ ግን የጤፍ ስለሆነ ችግር ያለው አይመስለኝም።

ዳዊት ዘአሌክሳንድርያ፦

መምህርት፣ ሁሉም ትክክል ነው፤ የመጨረሻዋን ግን ላርማት። በፋሲካቸው (ፔሳህ) የሚከለከለው የተቦካ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ እንዲሁም ራይና ስፔልት የሚባሉት የስንዴ ዘመዶች ነው። ጤፍ ከአምስቱ ውስጥ አይደለም፣ እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ አሜሪካ ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ አብዛኛው ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው፤ ያ ፈጽሞ አይገባም። ንጹሕ የጤፍ ቢሆንም ቦክቶ ዓይን ያወጣ ነገር ስለሆነ በር ላይ መምህሯ ልታጣራ አትችልምና ይመለሳል።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ የአሜሪካ አይሁድ አባቶቻቸው ከአውሮፓ ስለመጡ በዚያ ሳምንት ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ሩዝም አይበሉም። ይህን «ኪትኒዮት» ይሉታል። በ2015 ኮንሰርቫቲቭ የሚባለው ክፍላቸው ቢፈቅደውም እያንዳንዱ ቤት የራሱ ደንብ አለው። ስለዚህ ከሁለት ሳምንት በፊት «ኪትኒዮት ትፈቅዳላችሁ ወይ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አይፈቀድም ካሉሽ ድንች አልጫ በእርድ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ አቮካዶ፣ ፍራፍሬ፣ እንቁላል። ዳቦውን የሚተካው ማትሳ የእኛ ቂጣ ነው፤ ግን ቤት የጋገርሽው ሳይሆን «ለፔሳህ» ተብሎ የታሸገው ነው የሚገባው።

አሁን ስለሚዘጋባቸው ቀናት። በዓላቱ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ስንት የሥራ ቀን እንደሚበሉ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ ወላጅ የሚደናገጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በታች ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2025 መኸር የአዲስ ዓመታቸው፣ የማስተሰረያ ቀንና የዳስ በዓል ተደምረው ሰባት የሥራ ቀን ወስደዋል። በ2026 ግን ከማስተሰረያው ቀን በስተቀር ሁሉም ቅዳሜና እሑድ ላይ ስለሚውሉ የሚያመልጥሽ ሰኞ መስከረም 21 ብቻ ነው። አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ዓርብ መስከረም 11 ማታ ነው፤ በእኛ እንቁጣጣሽ ዕለት ማለት ነው። በዋዜማ ቀን ቀደም ብለው ስለሚዘጉ መስከረም 11፣ መስከረም 25 እና ጥቅምት 2 (ሦስቱም ዓርብ) ከሰዓት በኋላ የሚወስዳት ሰው ከአሁኑ አዘጋጁ።

በ2027 ፔሳህ ሚያዝያ 22፣ 23፣ 28 እና 29 ቀን ይዘጋል፤ በመካከል ያሉትን ቀናት አንዳንዱ ቤት ይከፍታል፣ አንዳንዱ ሳምንቱን በሙሉ ይዘጋል። ሰኔ 11 ደግሞ ሻቩኦት (የሳምንታት በዓላቸው) ነው። የእኛ ትንሣኤ በዚያ ዓመት ግንቦት 2 ስለሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት የፔሳህ ቀናት ሰሙነ ሕማማት ላይ ይወድቃሉ። ለስቅለት ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ ረቡዕንና ሐሙስን ጨምራችሁ አንድ ላይ ጠይቁ።

ሒሳብ ያዥ፦

የክፍያ እርዳታው ለአይሁድ ብቻ አይደለም፤ የሚታየው ገቢ ነው። የሚበላሸው ግን በጊዜ ነው። ምዝገባ በአብዛኛው ጥርና የካቲት ላይ ይከፈታል፤ ቅድሚያው ለነባር ቤተሰብ፣ ቀጥሎ ለእህትና ወንድም፣ ቀጥሎ ለአባላት፣ ከዚያ ለሌላው ነው። የእርዳታ ማመልከቻ ለብቻው የመጨረሻ ቀን አለው። ብዙ ሰው ቦታ እስኪያገኝ ጠብቆ ያመለክታል፤ ያኔ የዓመቱ ገንዘብ ተከፋፍሏል። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት አስገቡ።

የሚጠይቁት በብዛት ያለፈው ዓመት የግብር ቅጽ 1040፣ ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደመወዝ ቅጽ) እና የቅርብ ጊዜ የደመወዝ ማስረጃ ነው። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ ካለ 1099 ብቻ መላክ ስሕተት ነው፤ እሱ የሚያሳየው ነዳጅና ጥገና ሳይቀነስ ነው። «ስኬጁል ሲ» (የግል ሥራ ገቢና ወጪ የሚሞላበት ቅጽ) አብሮ ይላክ፤ መስመር 31 ላይ ያለው ነው እውነተኛው ገቢ። ለወላጅ ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልኩት ካለም በደብዳቤ ጻፉት፤ በቅጹ ላይ ቦታ ስለሌለው ሰው ይተወዋል።

ሁለተኛ፣ ግብር ላይ ገንዘብ አትጣሉ። ቅጽ 2441 ሁለታችሁም እየሠራችሁ ለልጅ ጥበቃ ያወጣችሁትን ይመለከታል፤ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000 ዶላር፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ እስከ 6,000 ዶላር ወጪ ላይ ተሰልቶ ይቀነስላችኋል። መዋለ ሕፃናቱም የበጋ የቀን ካምፑም ይቆጠራሉ፤ አዳር ያለበት ካምፕ አይቆጠርም። ማዕከሉ ከግብር ነፃ ድርጅት ከሆነ የመለያ ቁጥሩ በሚጻፍበት ቦታ «ከግብር ነፃ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። አሠሪያችሁ የልጅ ጥበቃ ቁጠባ ሒሳብ ካለው ደግሞ ከ2026 ጀምሮ ጣሪያው 7,500 ዶላር ሆኗል፤ ግን በዚያ የከፈላችሁት ከ2441 ላይ ይቀነሳል፣ ሁለት ጊዜ አይታሰብም።

እናት ከሮክቪል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ ልጨምር፦ ከሰዓት የምትወስዳት አያቷ ናት። እንግሊዝኛ ብዙ አትችልም። በሩ ላይ ጥበቃው ጠንካራ ነው ይባላል፤ ትቸገር ይሆን?

የሕፃናት መምህርት፦

አስቀድማችሁ ካዘጋጃችሁ አትቸገርም። ጥበቃው የጠነከረው በምክንያት ነው። በ2014 ካንሳስ አካባቢ ኦቨርላንድ ፓርክ በሚገኝ ማዕከል መኪና ማቆሚያ ላይና በአቅራቢያው ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ሦስት ሰዎች በጥይት ተገድለዋል፤ ገዳዩ አይሁድን ፈልጎ ነበር የመጣው፣ የሞቱት ሦስቱም ግን ክርስቲያኖች ነበሩ።

ስም ላይ ተጠንቀቂ። የእኛ ስም አጻጻፍ ግራ ያጋባቸዋል፦ ልጅ፣ እናትና አያት የአባት ስማቸው የተለያየ ነው። በተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይ የአያቷን ስም መታወቂያዋ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ጻፊ። «እማማ» ወይም ሰው የሚጠራትን ስም ብትጽፊ አይሰጧትም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን አብረሻት ሂጂና ከጥበቃውና ከመምህሯ ጋር አስተዋውቂያት። ከኋላዋ ለሚመጣ ሰው በር ይዛ እንዳትቆይም ንገሪያት፤ በእኛ ወግ አለመያዝ ነውር ነው፣ እዚያ ግን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ካርድ ነው የሚገባው።

የክትባት ወረቀትም አለ፣ ሜሪላንድ ቅጽ 896። አገር ቤት የተከተበ ልጅ ካለ ካርዱ ላይ ያለው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ክሊኒኩ እንዳለ ከገለበጠው ልጁ ሳይወለድ የተከተበ ሆኖ ይመዘገብና ክትባቱ ውድቅ ይደረጋል። ቀኑን ወደ ፈረንጅ ቀይራችሁ በእርሳስ ከጎኑ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ።

የማኅበር ጸሐፊ፦

ጥያቄው ስለ ልጅቱ ቢሆንም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እነዚህ ቤቶች መጀመሪያ እንደኛው ለስደተኛ የቆሙ ናቸው። መነሻቸው በ1854 ባልቲሞር የተቋቋመው የወጣት ዕብራውያን የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ነው። በ1889 ኒውዮርክ ውስጥ የተመሠረተው ኤጁኬሽናል አሊያንስ ከምሥራቅ አውሮፓ ለሚመጡት እንግሊዝኛና የዜግነት ትምህርት ይሰጥ ነበር። የዋሽንግተኑ ሕንፃ በ16ኛው መንገድና በኪው መገናኛ ላይ የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ በ1925 ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ተገኝተው ንግግር አድርገዋል። ማኅበረሰቡ ወደ ሜሪላንድ ሲሸሽ በ1969 ሮክቪል ገቡ፤ የድሮውንም አልረሱም፣ መልሰው ገዝተው በ1997 ከፈቱት። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት መትናስም (የሰፈር ማኅበረሰብ ማዕከል) የዚሁ ሥራ ዘመድ ነው፤ ሁጉም (የትርፍ ጊዜ ትምህርቱ) የአረጋውያን ክበቡም የስግድ በዓል ዝግጅቱም በአንድ ጣሪያ ሥር ነው የሚካሄዱት።

ልብ ብላችሁ ያያችሁ እንደሆነ አንዱ ክፍል ጠዋት ለሕፃናት፣ እኩለ ቀን ለአረጋውያን፣ ከትምህርት በኋላ ለተማሪ፣ ማታ ለልምምድ ነው። የዕለት ወጪውን የሚሸፍነው የመዋለ ሕፃናቱ፣ የካምፑና የስፖርቱ ክፍያ ነው፤ የለጋሽ ገንዘብ ለእርዳታና ለጥበቃ ይውላል። የእኛ ማኅበራት አዳራሽ የሚከፈተው ለበዓልና ለለቅሶ ብቻ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ተቆልፎ ኪራይ ይበላል። ይህ ያንገበግበኛል።

መዋለ ሕፃናት ለመክፈት የሚያስብ ማኅበር ካለ መጀመሪያ ሜትር ይያዝ። ሜሪላንድ ለአንድ ልጅ 35 ካሬ ጫማ ይጠይቃል፤ ለሦስትና አራት ዓመት ልጆች አንድ አስተማሪ ለ10፣ በአንድ ክፍል ከ20 አይበልጥም። ለ20 ልጆች 700 ካሬ ጫማ፤ ይህ ልጆች የሚንቀሳቀሱበት ባዶ ወለል ነው፣ መጸዳጃ ቤትና መተላለፊያ አይቆጠርም። ሊዝ ከመፈረም በፊት ደግሞ ቦታው ለልጆች መዋያ ይፈቀድ እንደሆነ ከካውንቲው በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ኪራይ ከተፈረመ በኋላ ፈቃድ ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ያ ከከበደ ማክሰኞና ሐሙስ ከረፋዱ 4 እስከ 7 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ለአረጋውያን ቡና፣ የደም ግፊት ልኬትና ቅጽ የሚሞላ አንድ ወጣት ይኑር። ይህን ለመጀመር የሚያስፈልገው የአዳራሹ ቁልፍ፣ አንድ ጀበናና ሁለት ፈቃደኛ ሰው ነው።