በፋክቶሪዮ (ፋብሪካ የመገንባት የኮምፒውተር ጨዋታ) ሌሊት ኃይል እንዳይደክም የፀሐይ ፓነሎችን የትና እንዴት ልትከል?

ጥያቄ (አዲስ ገንቢ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ፋብሪካዬ ቀንም ሌሊትም 2.1 ሜጋዋት ይፈጃል፤ 40 የፀሐይ ፓነልና 10 አኩሙሌተር (የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) ተክያለሁ። ቀን ሁሉም በደንብ ይሠራል፤ ሲመሽ ግን ማሽኖቹ ይንቀራፈፋሉ፣ ምርምሩም ይጓተታል። ፓነሎቹ ጫካ ጥግ ስለሆኑ ጥላው ይሆን የጎዳቸው? ወደ ገላጣ ሜዳ ባዛውራቸው ይሻላል? ከመስመር ያወጣኋቸውን የእንፋሎት ሞተሮችስ ለመጠባበቂያ ብቻ መጠቀም ይቻላል?

መልስ (የመስመር ሠራተኛ)፦
እባክዎ አያዛውሯቸው። በዚህ ጨዋታ ፓነል አቅጣጫም ጥላም አያውቅም፤ ጫካ ሥር ያለውም ሜዳ ላይ ያለውም እኩል ያመነጫል። ችግርዎ የቁጥር ነው። አንድ ፓነል በቀትር 60 ኪሎዋት ቢሰጥም ምሽቱና ሌሊቱ ሲታሰብ አማካዩ 42 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ፣ 40 ፓነሎችዎ በአማካይ የሚያመነጩት 1.68 ሜጋዋት ነው፤ ይህም አኩሙሌተር የቱንም ያህል ቢጨምሩ የማይሞላ ጉድለት ነው። 2.1 ሜጋዋትን ለ42 ኪሎዋት ሲያካፍሉ 50 ፓነል ይመጣል።

ለ25 ፓነል 21 አኩሙሌተር ስለሚያስፈልግ ለ50ው 42 ይትከሉ። እያንዳንዱ 5 ሜጋጁል ስለሚይዝ በድምሩ 210 ሜጋጁል ይሆናል፤ ከምሽት እስከ ንጋት የሚጎድልዎትም ልክ ይኸው ነው። አሁን ያሉት 10 አኩሙሌተሮች ግን ገና ሳይጨልም ያልቃሉ። ማንኛውንም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጠቅ አድርገው የሚከፈተውን ግራፍ ማታ ማታ ቢመለከቱ ይህን በዓይንዎ ያዩታል።

መልስ (ሜዳ አልሚ)፦
ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ቦታ የሚያሳስበው ለሽቦው ነው። ፓነሉ 3 በ3፣ አኩሙሌተሩ 2 በ2 ካሬ ይይዛል። የሳብስቴሽን (ሰፊ ቦታ የሚያዳርስ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ) ሽፋን 18 በ18 ስለሆነ፣ አንዱን መሐል አድርገው ዙሪያውን ይሙሉና ያንን ቅርጽ በብሉፕሪንት (ተቀድቶ በሚደገም ንድፍ) ይያዙት፤ ፋብሪካው ባደገ ቁጥር እሱኑ መደጋገም ነው። ይህ ስሌት ግን የሚያገለግለው ጨዋታው ለሚጀመርባት ፕላኔት ለናውቪስ ብቻ ነው። በስፔስ ኤጅ (የጨዋታው ማስፋፊያ) ፉልጎራ በተባለችው ፕላኔት ላይ ፓነል የሚሰጠው 20 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ቩልካነስ በተባለችው ፕላኔት ላይ 400 በመቶ ይደርሳል።

መልስ (የማታ ተጫዋች)፦
ስለ እንፋሎቱ ልመልስ። ሞተሮቹን እንዲሁ ከመስመሩ ጋር ካገናኟቸው፣ ጨዋታው ከአኩሙሌተር በፊት እንፋሎትን ስለሚያስቀድም የድንጋይ ከሰልዎ ሌሊት ሌሊት በከንቱ ይነድዳል። ስለዚህ በሞተሮቹና በፋብሪካው መካከል የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ ይትከሉ፤ ከፓነሎቹ በኩል ካለው አንድ አኩሙሌተር ቀይ ሽቦ (ምልክት የሚያስተላልፈውን) ስበው ያገናኙትና ክምችቱ ከ20 በመቶ ሲያንስ እንዲበራ ይዘዙት። 20ው ላይ ሲደርስ ቶሎ ቶሎ እየበራ እየጠፋ ካስቸገረዎት፣ ከበራ በኋላ ክምችቱ 50 በመቶ እስኪሞላ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ኮምባይነተር (የሽቦ ምልክቶችን የሚያሰላ መሣሪያ) በመካከል ያስገቡ። ቦይለሮቹ ግን ውኃና ከሰል እንዳይጎድልባቸው፤ ከሰሉን የሚጭነውንም ክንድ በነዳጅ የሚሠራውን ያድርጉት፣ ኤሌክትሪክ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ እሱ አይቆምም።