እስከ ዓርብ መልስ ስጪ የተባልኩበት የእናታችን ቤት

የከዚራ ልጅ፣ ቶሮንቶ
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ታናሽ ወንድሜ ከድሬዳዋ ደውሎ፣ እናታችን ትታልን ላለፈችው የከዚራ ሰፈር ቤት ገዢ መገኘቱን፣ ሰውየው ግን ሌላ ቤትም ስለሚያይ እስከ ዓርብ ቁርጡን ማወቅ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ወራሾቹ ሁለታችን ስለሆንን ያለ እኔ ውክልና ሽያጩ አይፈጸምም። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ ሌሊቱን ስጸልይ ባድርም ልቤ አልረጋም። ገዢው እግዚአብሔር ያመጣው ነው ብዬ ልፍጠን ወይስ ጥድፊያው ራሱ ከእርሱ እንዳልሆነ ያሳያል ብዬ ልተወው? ድሬን ካየሁ 14 ዓመት ስለሆነኝ ዋጋውን እንኳ በራሴ መመዘን አልችልም። እንዲህ ያለ አጣዳፊ ነገር ገጥሟችሁ በእግዚአብሔር ታምናችሁ የወሰናችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንደወሰናችሁ ብትነግሩኝ።

የሳቢያን ልጅ፣ ሚኒያፖሊስ
እኅቴ፣ ስለ ጸሎቱ ከእኔ የሚሻሉ ይመልሱልሽ፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2205 እንደደነገገው፣ ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ የመሸጥ ሥልጣን በግልጽ የተጻፈበት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ኤምባሲ ቀርበሽ ከፈረምሽ በኋላ ሰነዱ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ይኖርበታል። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ ካርታውን በስማችሁ ካላዞራችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚቀድመው እርሱ ነው። ስለዚህ ዓርብ የሚፈለግብሽ ቃልሽ ነው፤ ቤቱ በዓርብ ከእጅሽ ሊወጣ አይችልም። ለመስማማት ከወሰንሽ በውክልናው ላይ ዝቅተኛውን ዋጋና ገንዘቡ የሚገባበትን የባንክ ሒሳብ አስጽፊ። ይህን የምልሽ ወንድምሽን በመጠርጠር አይደለም፤ ልኩ በጽሑፍ ከተቀመጠ ነገ በመካከላችሁ ቅሬታ አይገባም ብዬ ነው።

የመጋላ ልጅ፣ ስቶክሆልም
በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የኢስቲኻራ ሶላት፣ መልካሙን እንዲመርጥልን አላህን የምንለምንበት ስግደት አለ። ከግዴታ ሶላት ውጭ ሁለት ረከዓ ተሰግዶ፣ «ነገሩ ለሃይማኖቴ፣ ለኑሮዬና ለመጨረሻዬ መልካም ከሆነ አግራልኝ፤ ክፉ ከሆነ ከእኔ አርቀው፣ እኔንም ከእርሱ አርቀኝ» ተብሎ ዱዓ ይደረጋል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ሕልም ይጠብቃል፤ በሐዲሱ ግን ሕልም ጠብቁ የሚል ቃል የለም። ሰግዶ፣ የሚያውቅ ሰው አማክሮ ወደ ሥራው መግባት ነው። እኔ ወደዚህ አገር ለመምጣት ሁለት ቀን ብቻ በተሰጠኝ ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ሕልም አላየሁም፣ እናቴ መርቃ ሸኘችኝ። ግመሌን ፈትቼ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቀ ሰው ነቢዩ «እሰራትና ተመካ» ማለታቸውንም አትርሺ። የአንቺ ግመል የሳቢያኑ ወንድማችን የነገረሽ ወረቀት ነው።

የደቻቱ እናት፣ ዋሺንግተን
ልጄ፣ ሐምሌ 1998 ሊያልቅ ሲል የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ጎረቤት በሩን ሲደበድብ ውኃው ደፉን አልፎ ገብቷል። ሁለቱን ልጆቼን አንሥቼ ወጣሁ፤ ወርቄም ገንዘቤም ቀረ። ለጸሎት ያገኘሁት ጊዜ «ቅዱስ ገብርኤል» ለማለት ብቻ የሚበቃ ነበር። ንጉሡ ምን ትፈልጋለህ ባለው ጊዜ ነህምያም በጥያቄውና በመልሱ መካከል ነው የጸለየው፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት አራት ወር ያህል ሲጾምና ሲያለቅስ ከርሟል። እኔንም የያዘኝ የዚያች ሌሊት ቃል ብቻ አልነበረም፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ቁልቢ ገብርኤልን ስሳለም የጸለይኩት ነው። አንቺም እስከ ዛሬ የጸለይሽውን እንደሌለ አትቁጠሪው። ቤቱን ግን ባትሸጪ እወዳለሁ። የከዚራን የዛፍ ጥላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ደጅ ወጥቶ መቀመጡን በምን ዋጋ መልሰሽ ታገኚዋለሽ? ኢያሱም «ከሩቅ አገር መጣን» ያሉትን የገባዖንን ሰዎች የሻገተ እንጀራ አይቶ፣ እግዚአብሔርን ሳይጠይቅ ቸኩሎ ቃል ኪዳን ገባላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ጎረቤቶቹ ሆነው ተገኙ።

የገንደ ቆሬ ልጅ፣ ለንደን
እናቴ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። እኔ ከመውጣቴ በፊት አባታችንን ያስታመምኩት ብቻዬን ነው። ውጭ ያሉት ታላላቆቼ ስለ ቤቱ በጠየቅኋቸው ቁጥር «እየጸለይንበት ነው» እያሉኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ጣሪያው አፈሰሰ፣ የመድኃኒቱ ዕዳ በእኔ ላይ ቆየ። የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንጠብቃለን የሚለው ቃል እምቢ ለማለት ድፍረት ላጣ ሰው መሸሸጊያ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በባሕሩ ዳር እግዚአብሔር ሙሴን «ለምን ወደ እኔ ትጮኻለህ? ሕዝቡ እንዲጓዝ ንገር» ብሎታል። የከዚራዋ እኅታችን ወንድሟ በምን ችግር ላይ እንዳለ አንድ ቃል አልጻፈችም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

የደቻቱ እናት፣ ዋሺንግተን
ልጄ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ነገር ግን ሙሴ ሂድ የተባለው የሚሄድበትን ከእግዚአብሔር ሰምቶ ነው። የአንተ ታላላቆች ስላጠፉ የእርሷ ጸሎት ማመካኛ ነው አይባልም።

የገንደ ቆሬ ልጅ፣ ለንደን
ማመካኛ ነው አላልኩም። ጸሎቷ ወንድሟን ይጨምር ነው ያልኩት። እዚያ ያለው ሰው ውኃ ሲጠፋ ቀድቶ፣ ግብር ከፍሎ፣ ለቅሶ ደርሶ ቤቱን ያቆመ ነው፤ የእኛ ናፍቆት የእርሱን ድካም ሊያስረሳን አይገባም።

የከዚራ ልጅ፣ ቶሮንቶ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የገንደ ቆሬው ወንድሜ የጻፈው ልቤን ነካው፤ ወንድሜ ስለ ዓርብ ሲነግረኝ እኔ ስለ ገዢው እንጂ ስለ እርሱ አልጠየቅሁትም ነበር። የእናቴን የሆስፒታል ወጪ ማን እንደከፈለም እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ድሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስለሆነ ሲነጋ እደውልለታለሁ። ስለ መሸጡ ገና አልወሰንኩም። የሳቢያኑ ወንድሜ፣ የገዢው ስም ሳይጠቀስ ውክልናውን ከወዲሁ ማስጀመር ይቻል እንደሆነ ብትነግረኝ።